አሮጌ ቀሚስን ወደ ተከታዩ ዘመን ፋሽን ማሻገር፦ የትኛው ለውጥ ለየትኛው ቀሚስ ይስማማል?

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ አንዲት ሴት የሐር ቀሚስ ስታሰፋ ከወጪዋ አብዛኛው የሚሄደው ለጨርቁ ነበር፤ ለልብስ ሰፊዋ የሚከፈለው ገንዘብ ከጨርቁ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነበር። በለንደን ስፒታልፊልድስና በፈረንሳይ ሊዮን በእጅ ይሸመን የነበረው ባለአበባ ሐር ስፋቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ብቻ ስለነበረ፣ ከጀርባው ሽንሽኑ እስከ መሬት የሚወርድ አንድ ቀሚስ ከነውስጥ ጉርዱ ከ15 ሜትር በላይ ጨርቅ ሊፈጅ ይችል ነበር። ስለዚህ ፋሽኑ ሲለወጥ ቀሚሱ አይጣልም፤ ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ከመጀመሪያው ሲሰፋም አንድ ቀን እንደሚተረተር ታስቦ ነበር፤ የጉርዱ ስፌት ረጅም፣ የሽንሽኑ እጥፋት ያልተቆረጠ፣ የጨርቁም ዳር እንዳለ የተተወ ነበር።

ይህ መመሪያ በአዲስ ጨርቅ የቀድሞ ዘመን ቅድ ያላቸውን ቀሚሶች ለሚሰፉና አንዱን ቀሚስ በሁለትና በሦስት ዘመናት ፋሽን ማሳለፍ ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አማራጮቹ ብዙ ናቸው፤ ጌጡን ብቻ መለወጥ፣ እጅጌውን መቀየር፣ ወገቡን ማንሣት ወይም ማውረድ፣ ጉርዱን እንደገና ማደላደል፣ አለዚያም ሁሉንም ተርትሮ እንደገና ከጨርቅ መነሣት ይቻላል። እኔ እነዚህን ሁሉ የማወዳድረው በአንድ መለኪያ ነው፦ ለውጡ ከጨርቁ ምን ያህሉን በመቀስ ያስወጣል? የተተረተረ ስፌት እንደገና ይሰፋል፤ የተቆረጠ ሐር ግን ለሚቀጥለው ፋሽን አይደርስም። የ1780ዎቹን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቅርጽ ለማግኘት ተቆርጦ የወደቀው ቁራጭ የ1840ዎቹ ቅርጽ ሲፈለግ የሚጎድለው ጨርቅ ነው።

በእጅዎ ያለው ቀሚስ እውነተኛ የ18ኛው ወይም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብስ ከሆነ ግን ምርጫ የለም፤ አይንኩት። በለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምና በኒው ዮርክ በሚገኘው የሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከተጠበቁት ቀሚሶች መካከል ጨርቃቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወይም ከዚያ በፊት የተሸመነ፣ ቅዳቸው ግን በአሥርተ ዓመታት የሚያንስ ዕድሜ ያለው አሉ። የእነዚህ ልብሶች ታሪክ የሚነበበው የቀድሞው ስፌት ከተወው የመርፌ ቀዳዳ፣ በእጥፋት ውስጥ ተሸፍኖ ሳይደበዝዝ ከቀረው ቀለምና ከውስጥ በኩል ከተቀጣጠሉት ቁርጥራጮች ነው። ዛሬ የሚደረግ አንድ ማስተካከያ እነዚህን ምልክቶች ሊያጠፋ ይችላል። እውነተኛው ልብስ ይለካ፣ ይሣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ መርፌና መቀስ የሚያርፉት በአዲሱ ጨርቅ ላይ ይሁን።

ቀሚሱን ሳይነኩ ዙሪያውን መለወጥ

ከሁሉ የቀለለው አማራጭ ጨርቅ ፈጽሞ የማያስቆርጠው ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀሚስ ብዙ ጊዜ ከፊት ክፍት ስለነበረ፣ በደረቱ ላይ ለብቻው በስፒል የሚያያዝ ባለሦስት ማዕዘን ቁራጭ ይደረግበት፣ ከወገብ በታችም የውስጥ ጉርዱ ይታይ ነበር። የደረቱን ቁራጭ፣ የውስጥ ጉርዱን፣ የአንገት ልብሱንና ከእጅጌው ጫፍ የሚንጠለጠለውን ዳንቴል መቀየር ብቻ ቀሚሱን ጥቂት ዓመታት ወደፊት ያራምደዋል። በጠርዙ ላይ የተሰፉት ሪባኖችና የተሸበሸቡ ጥልፎችም በሰፋፊ ስፌት ብቻ የተያዙ ስለሆኑ በአንድ ቀን ተነሥተው በሌላ አቀማመጥ ሊመለሱ ይችላሉ።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው የፋሽኑ ለውጥ በላይ በላዩ ሲሆን ነው። የሰውነቱ አጠቃላይ ቅርጽ ሲለወጥ፣ ለምሳሌ ጉርዱ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ የነበረው ወደ ኋላ ሲያዘነብል፣ የትኛውም ሪባን አይሸፍነውም። ያን ጊዜም ቢሆን ቀሚሱን ከመተርተር በፊት ከሥር የሚለበሰውን መለወጥ ይገባል። የየዘመኑን ቅርጽ የሚፈጥረው በአብዛኛው ከውስጥ ያለው ነው፤ የጎን ማስፊያ ቀለበት፣ ከኋላ በወገብ የሚታሰር ትራስ፣ ኮርሴት (ወገብን አጥብቆ የሚይዝ የውስጥ ልብስ)፣ በኋላም ክሪኖሊን (ጉርዱን ዙሪያውን ዘርግቶ የሚይዝ የውስጥ ልብስ)። አዲሱን የውስጥ ልብስ ሳይለብሱ ቀሚሱን ማስተካከል የጀመረ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በጎን ማስፊያ ላይ እንዲለበስ የተሰፋ ጉርድ በሁለቱ ጎኖቹ ከፊቱና ከኋላው ይረዝማል፤ ማስፊያው ሲወጣ ጎኖቹ መሬት ይጎትታሉ። ሁለት መፍትሔዎች አሉ፤ ከታች ዘርፉን መቁረጥ ወይም ከላይ ከወገቡ ፈትቶ ትርፉን ወደ ውስጥ ማጠፍ። የዘመኑ ልብስ ሰፊዎች የመረጡት ሁለተኛውን ነው፤ እኔም ያለ ማመንታት የምመክረው እርሱን ነው። ዘርፉ ቀጥ ብሎ ስለሚቀር የጨርቁ ጥለትና አበባ አይዛባም፤ የታጠፈውም ጨርቅ በወገቡ ውስጥ ተደብቆ ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆያል።

እጅጌ

እጅጌ የቀሚስን ዘመን ከሩቅ ይናገራል፤ በመሆኑም ትንሽ ተሠርቶበት ብዙ ለውጥ የሚገኝበት ክፍል ነው። በ1740ዎቹ የነበረው ከክርን በላይ የሚታጠፍ ሰፊ ክፍ (የእጅጌ ጫፍ እጥፋት) በ1750ዎቹ በተደራረቡ ዘርፋፋ ሽንሽኖች ተተካ፤ ሰፊው ክፍ ሲተረተር ለሽንሽኖቹ የሚሆን ጨርቅ ይሰጣል። በ1780ዎቹ ደግሞ ሽንሽኖቹ ቀርተው እጅጌው ቀላልና ጠባብ ሲሆን እነርሱን ማንሣት ብቻ ይበቃል።

ከባዱ ምርጫ የሚመጣው በ1830ዎቹ ነው። የዚያ ዘመን እጅጌ በላይኛው ክንድ ላይ እንደ ፊኛ የተነፋ ነበር፤ በ1836 ገደማ ግን ፋሽኑ በድንገት ተለውጦ የክንዱ ላይኛ ክፍል ጠበበ። ትልቅ እጅጌ ያለው ቀሚስ የያዘ ሰው አንደኛ፣ እጅጌውን አውጥቶ እንደ አዲስ በጠባብ ቅድ ሊቆርጠው ይችላል። ሁለተኛ፣ ሙላቱን ሳይቆርጥ ከትከሻው ጀምሮ በተደራረቡ የሽብሽብ መስመሮች ወደ ክንዱ ሊሰበስበው ይችላል፤ ሽብሽቡ ራሱ የ1836 እና የ1837 ፋሽን ስለነበረ እንደ ማስመሰያ አይቆጠርም። ሁለተኛው ለጊዜው ሁሉንም ጨርቅ ያድናል። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ጠባብ እጅጌ ሲፈለግ መቁረጡ አይቀርም፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የላይኛው አካል ወገብ ከፊት ወደ ታች ሾልኮ ስለሚረዝም ከእጅጌው የሚወጣው ጨርቅ ለዚያ ማስረዘሚያ ይውላል። ቀድሞ የቆረጠ ሰው ይህ ጨርቅ በእጁ ላይኖር ይችላል።

በ1890ዎቹ ነገሩ ይገለበጣል። እጅጌው ከ1893 አንሥቶ አብጦ በ1895 ገደማ ከፍተኛው ስፋት ላይ ሲደርስ፣ ከ1880ዎቹ የተረፈ ጠባብ እጅጌ ያን ሁሉ ጨርቅ ከየትም አያመጣም። ተመሳሳይ ጨርቅ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ በሌላ ጨርቅ፣ በተለይ በከፋይ የተሠሩ እጅጌዎች በዘመኑ ተወዳጅ ስለነበሩ ልዩነቱን ግልጽ አድርጎ መስፋት የተሻለ ነው። ከቀሚሱ ጨርቅ ጋር ሊመሳሰል ተሞክሮ ሳይመሳሰል የቀረ እጅጌ ከሁሉ የከፋ ውጤት ይሰጣል።

ከጀርባ ሽንሽን ወደ ተጠጋጋ ጀርባ

ከሁሉም ለውጦች በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ሮብ አ ላ ፍራንሴዝ የሚባለውን ቀሚስ ወደ ሮብ አ ላንግሌዝ መለወጥ ነው። የመጀመሪያው ከአንገት ጀምሮ በጀርባ ላይ የሚወርዱ ሰፋፊ ሽንሽኖች አሉት፤ ሁለተኛው ጀርባው ከሰውነት ጋር ተጣብቆ እስከ ወገብ ይወርዳል። በ1770ዎቹና በ1780ዎቹ በርካታ ቀሚሶች በዚህ መንገድ አለፉ። ለውጡን የሚያቀልለው የገበሩ አሠራር ነው፤ በዚያ ዘመን የተልባ እግር ገበሩ ለብቻው በሰውነት ልክ ተሠርቶ ሐሩ ከላይ የሚሰፋበት ስለነበረ፣ ገበሩ ሳይነካ ሐሩን ብቻ አንሥቶ በሌላ አኳኋን መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተለመደው አሠራር ሌላ ነው፤ ጨርቁና ገበሩ ተደርበው እንደ አንድ ስለሚሰፉ እያንዳንዱን ስፌት መፍታት ሁለቱንም ይነካል።

ጀርባውን ለማጠጋጋት ሁለት መንገዶች አሉ። በመጀመሪያው መንገድ ሽንሽኖቹ ከአንገቱ ይፈቱና እየጠበቡ ወደ ወገቡ እንዲወርዱ ተደርገው በገበሩ ላይ ይሰፋሉ፤ ከወገብ በታች እንደገና ተከፍተው ጉርድ ይሆናሉ። ጨርቁ ከትከሻ እስከ መሬት አንድ ወጥ ሆኖ ይቀራል፤ በወገቡ ላይ አንድም አግድም ቁርጥ የለም። በሁለተኛው መንገድ የላይኛው አካል ጀርባ ለብቻው ይቆረጣል፤ ጉርዱም በረቂቅ ሽንሽን ተሰብስቦ ከወገቡ ጋር ይያያዛል። በ1780ዎቹ እየገነነ የሄደው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ጀርባውም ይበልጥ ጥርት ያለና የተስተካከለ ሆኖ ይታያል።

ማራኪነቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለተኛው ይበልጣል። ሆኖም ወገቡ ላይ የተቆረጠ ሐር ከዚያ በኋላ ከወገብ እስከ መሬት ያለው ርዝመት ብቻ ይኖረዋል፤ ከላይ የቀረው ደግሞ ለጀርባ ቅርጽ ተከርክሞ አነስተኛ ቁራጭ ሆኗል። ስለዚህ ቀሚሱ የመጨረሻ መድረሻው 1780ዎቹ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ከሆነ ግን የመጀመሪያው የሚሰጠው ረጅም ጨርቅ ጥቂት የቅርጽ ጉድለትን ያካክሳል።

ጀርባው ከተስተካከለ በኋላ ፊቱ ይቀራል። በ1780ዎቹ የደረቱ ቁራጭ ቀርቶ የቀሚሱ ሁለት ጎኖች በደረት መካከል ስለሚገናኙ፣ ከፊት ለመሙላት ተጨማሪ ጨርቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ከትከሻ ወደ ወገብ በቀሚሱ ፊት ለፊት የሚወርደው ድርብ እጥፋት ነው፤ ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ስፋት ከዚያው ይገኛል። ካልበቃ ከውስጥ ጉርዱ ላይኛ ክፍል፣ በቀሚሱ ከሚሸፈነው ቦታ ይወሰዳል፤ የተወሰደበትም ቦታ በማንኛውም ተራ ጨርቅ ይሞላል። ከላይ ማንም አያየውም።

ጉርዱን ወደ ላይ መሰብሰብ ከተፈለገ ደግሞ ምንም ዓይነት ስፌት የማይነካ ዘዴ አለ። የጉርዱን ዳሮች በጎን ባለው የኪስ ቀዳዳ ውስጥ አሳልፎ ማውጣት፣ ወይም ከውስጥ በተሰፉ ክሮችና ቀለበቶች መሳብ ከ1770ዎቹ ፋሽን ጋር የሚሄድ ቅርጽ ይሰጣል። ክሩ ሲፈታ ቀሚሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እንዲህ ያለው ተመላሽ ለውጥ ባለበት ቦታ ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው ይገባል።

ወገቡ ወደ ላይ ሲወጣ

ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ ኤሊዛቤት ቪጄ ለብረን በ1783 የፈረንሳይን ንግሥት ማሪ አንቷኔትን በነጭ ስስ የጥጥ ቀሚስ ሣለቻት፤ ሥዕሉ ለንግሥት የማይገባ ነው ተብሎ ከኤግዚቢሽን ተነሣ። ይሁንና ፋሽኑ ወደዚያው አመራ፤ በ1790ዎቹ ወገቡ ከጡት ሥር ደረሰ፤ ከ1800 በኋላም ጉርዱ ጠቦ ሰውነትን ተከትሎ የሚወርድ ሆነ። ባለከባድ ሐር ቀሚስ ለያዘ ሰው ይህ ጊዜ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው።

ወገቡን ለማንሣት ጉርዱን ፈትቶ የላይኛውን አካል ማሳጠርና መልሶ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጊዜ ጉርዱ ወገቡ በተነሣበት ልክ ከመሬት ይነሣል። የጎደለውን ርዝመት የሚሞላው ከኋላ የሚጎተት ረጅም ዘርፍ፣ ከሥር የሚጨመር ቀበቶ መሰል ጨርቅ ወይም ከውስጥ ጉርዱ የተገኘ ቁራጭ ነው። ስስ በሆነ ሐር ላይ ይህ ያምራል። ወፍራም ሐር ግን ከጡት ሥር ሲሰበሰብ ያብጣል፤ የ1805 ቀጭን ቅርጽ ፈጽሞ አይወጣለትም፤ እንዲወጣለት ጨርቁን በሰፊው መቁረጥ ግድ ይሆናል። ስለዚህ የእኔ ምክር በወፍራም ሐር ከ1790ዎቹ አጋማሽ እንዳያልፉ ነው። ለ1800 እስከ 1815 ላለው ጊዜ አዲስ የጥጥ ቀሚስ መስፋት ይሻላል፤ የሚፈጀው ጨርቅ ጥቂት ነው።

በተቃራኒው ከ1810 ቀሚስ ተነሥቶ ወደፊት መሄድ ከሁሉ ያነሰ ተስፋ ያለው መንገድ ነው። በ1820ዎቹ ወገቡ ቀስ በቀስ ሲወርድ በላይኛው አካልና በጉርዱ መካከል ሰፊ መቀነት መሰል ቁራጭ በማስገባት ጥቂት መከተል ይቻላል፤ ጉርዱ ግን በ1830ዎቹ እየሰፋ ሲሄድ ያ ጠባብ ጉርድ የሚጨምረው ነገር የለውም። እንዲህ ያለውን ቀሚስ ለሕፃን ልብስ ወይም ለሸሚዝ ማዋል ከግትርነት ይሻላል።

ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በቀጥታ ወደ 1840ዎቹ

በመካከል ያለውን የጠባብ ጉርድ ዘመን ሳይለበሱ ያለፉ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሐሮች በ1840ዎቹ ከሣጥን ወጥተው እንደገና ተሰፍተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለአበባ ሐር እንደገና ተወደደ፤ ሰፊ ጉርድም ተመለሰ። የአያት ጉርድ ለልጅ ልጅ ጉርድ በቂ ጨርቅ ነበረው። ሙሉ በሙሉ መተርተርን እንደ አማራጭ የምመክረው በተለይ ለዚህ ለውጥ ነው። እዚህ ላይ ከፊል ማስተካከያ ዋጋ የለውም፤ የላይኛው አካል ከትከሻው ስፌት አቀማመጥ ጀምሮ እስከ ወገቡ ጫፍ ሁሉ ነገሩ የተለየ ነው፤ የተሟላ ቅርጽ የሚገኘው ጨርቁ ተፈትቶ፣ ተተኩሶና እንደ አዲስ ተዘርግቶ ሲሰፋ ብቻ ነው።

ተርትሮ ከመስፋት በፊት ቁርጥራጮቹ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና ከጉርዱ ይጀመር። የጉርዱ ቁርጥራጮች አራት ማዕዘን ስለሆኑ ከላይ ወደ ታች ሊገለበጡ ይችላሉ፤ በመሬት ተፈግፍጎ የደከመው ጫፍ ወደ ወገቡ ወጥቶ በሽንሽኑ ውስጥ ይደበቃል። ባለአበባው ጨርቅ የሚያድገው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ግን መገልበጡ አበቦቹን ቁልቁል ስለሚዘቀዝቃቸው ይቅር። ከጉርዱ የተረፈው ለላይኛው አካል ፊት ይመደባል፤ እጅጌው ከቁርጥራጭ ቢቀጣጠል ስፌቱ በክንድ ሥር እስከሆነ ድረስ አይታይም።

ከክሪኖሊን ወደ ባስል

በ1856 የብረት ቀለበት ያለው ክሪኖሊን ከወጣ በኋላ ጉርድ እጅግ ሰፋ፤ በ1860ዎቹ መጨረሻ ግን ስፋቱ ከፊት ጠፍቶ ወደ ኋላ ተሰበሰበና ባስል የሚባለው ቅርጽ መጣ። ባለሰፊ ጉርድ ቀሚስ የነበራት ሴት በጨርቅ ረገድ ዕድለኛ ነበረች፤ ጥያቄው ትርፉን ምን ታድርገው የሚለው ነው።

አንደኛው መንገድ የፊቱን ቁርጥራጮች ከወገብ እስከ ጉልበት በሰያፍ ማጥበብና የወጡትን ቁርጥራጮች ለዘርፍ ሽንሽን ማዋል ነው። ሁለተኛው መንገድ ሰፊውን ጉርድ ሳይቆርጡ ወደ ኋላ ሰብስቦና ከውስጥ በክር አንጠልጥሎ የላይ ጉርድ ማድረግ፣ ከሥሩም ሌላ ጠባብ ጉርድ መልበስ ነው። ይህ የሥር ጉርድ ሁሉ ውድ ጨርቅ መሆን የለበትም፤ በዘመኑም የሚታየው የታችኛው ክፍል ብቻ በጥሩ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚደበቀው ከርካሽ ጥጥ ይሠራ ነበር።

ጨርቁ ወጥ ቀለም ወይም ቀጭን መስመር ያለው ከሆነ አንደኛው መንገድ ንጹሕ ሥራ ይሰጣል። ትልልቅ አበባ ያለው ከሆነ ሰያፍ ቁርጡ አበባውን እየከፈለ ስለሚሄድ ሁለተኛው ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ግን የሚቀጥለው እርምጃ መታሰብ አለበት። ከ1876 በኋላ ባስሉ ጠፍቶ ቀሚሱ ከትከሻ እስከ ጉልበት ተጣብቆ የሚወርድ ረጅም ቅርጽ ያዘ፤ ይህ ረጅም ረጅም ቁራጭ ይፈልጋል። በ1870 ጨርቁን ለአጫጭር ሽንሽን የቆራረጠ ሰው በ1877 ምንም አይኖረውም፤ አንጠልጥሎ የቆየ ግን ክሩን ፈትቶ ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ብዙ የሚያስብ ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ እላለሁ።

በነገራችን ላይ በዚሁ ጊዜ ትልልቆቹ የካሽሚርና የፔዝሊ ሻሎችም ሥራ አጡ፤ በሰፊ ክሪኖሊን ላይ ተዘርግተው ያምሩ የነበሩት በባስል ላይ አልተመቹም። ብዙዎቹ ተቆርጠው ካፖርትና ካባ ሆኑ። ሻሉ ሳይቆረጥ በእጥፋትና በስፌት ብቻ ካባ የሆነበትም ሥራ አለ፤ እርሱን ሳይ የሰፊዋን ማስተዋል አደንቃለሁ።

ጨርቁን መገልበጥ ወይስ ማቅለም?

የጨርቁ ፊት ሲደበዝዝ ተርትሮ ውስጡን ወደ ውጭ ማድረግ ይቻላል። ታፍታ (ልሙጥ ሽመና ያለው ሐር) እና ሁለቱም ፊቱ ተመሳሳይ የሆነ ሐር ለዚህ ይስማማል፤ ዳማስክ የሚባለው በሽመናው ጥለት የወጣለት ጨርቅም ጥለቱ በተገላቢጦሽ ይታያል እንጂ ያምራል። በጀርባው ላይ ልል ክር የሚያልፍበት ባለአበባ ሐርና በአንድ ፊት ብቻ የታተመ ጥጥ ግን አይገለበጡም።

ማቅለም መመለሻ የሌለው ምርጫ ነው። የሚሄደውም ከፈካው ወደ ጨለማው ብቻ ነው፤ ቀሚሶች ለሐዘን ጥቁር ይነከሩ የነበረውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን በ1856 የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ካገኘ በኋላ የቀለም ምርጫ ቢበዛም፣ የሥራው ሕግ አልተለወጠም፤ ቀሚሱ ተተርትሮ ቁርጥራጩ ለየብቻ ይቅለም፤ ካልሆነ በስፌቱ ውስጥ ቀለሙ አይደርስም፤ ገበሩና ሐሩም እኩል አይሰበሰቡም። ከመገልበጥና ከማቅለም የትኛው ይቅደም ለሚል መልሱ መገልበጥ ነው፤ የተገለበጠ በኋላ ሊቀለም ይችላል።

ለአንዱም ለሌላውም የማይሆን ጨርቅ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐር ከባድ እንዲመስል በቆርቆሮ ጨው ይታከም ነበር፤ እንዲህ ያለው ሐር ከዓመታት በኋላ በእጥፋቱ ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። በእጥፋት መስመር ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ከታዩ ማንኛውም ማስተካከያ ይቅር።

አጭር ጨርቅ ያለው ቀሚስ፦ 1940ዎቹ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀሚሶች በውስጣቸው ትርፍ ጨርቅ ስለሌላቸው ለውጡ የሚሆነው በመጨመር ነው። በብሪታኒያ ከሰኔ 1941 ጀምሮ ልብስ በኩፖን ሲታደል ለአንድ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 66 ኩፖን ብቻ ተሰጠ፤ ከሱፍ የተሠራ ቀሚስ 11 ኩፖን ይወስድ ነበር። ከሁለት ያለቁ ቀሚሶች አንድ መሥራት፣ ትከሻውንና እጅጌውን በሌላ ቀለም መተካት የዚያ ዘመን መልስ ነው። በየካቲት 1947 የፓሪሱ ፋሽን ነዳፊ ክርስቲያን ዲዮር ረጅምና ሰፊ ጉርድ ሲያቀርብ አጭር ቀሚስ ያላቸው ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ ከሥር ሌላ ጨርቅ መቀጠል ወይም ጉርዱን ከወገቡ ፈትቶ ወደ ታች ማውረድና በዳሌው ላይ የተጨመረውን ቁራጭ በጃኬት መሸፈን። ቀለሙ የሚመሳሰል ጨርቅ ከሌለ ሁለተኛው የተሻለ ነው፤ ሆኖም ጃኬቱ ሊወልቅ አይችልም፤ ስለዚህ ለበጋ ቀሚስ አይመከርም።

አዲስ ለሚጀምር ሰው የትኛው መነሻ ይሻላል?

አንድ ቀሚስ ሰፍቶ በብዙ ዘመናት ለማሳለፍ የሚፈልግ ሰው ከሁለት መነሻዎች አንዱን ቢመርጥ ይሻላል። የ1760ዎቹ ባለጀርባ ሽንሽን ቀሚስ ወደ 1770ዎቹ፣ ወደ 1780ዎቹና ተተርትሮም ወደ 1840ዎቹ ይሄዳል። የ1850ዎቹ መጨረሻ ወይም የ1860ዎቹ መጀመሪያ ባለሰፊ ጉርድ ቀሚስ ደግሞ ወደ ባስልና ከዚያም ወደ ጠባቡ ቅርጽ ያመራል፤ ለዚህ ቀሚስ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለማታ የሚሆን ሁለት የላይኛ አካል ማዘጋጀት በዘመኑ የተለመደ ስለነበረ፣ የለውጡን ሥራ በአንዱ ላይ ጀምሮ ሌላውን እንደ መጠባበቂያ መያዝ ይቻላል። የመጀመሪያው ብዙ የእጅ ስፌት ይጠይቃል፤ ግን ከሁለቱ ይቅር ባዩ እርሱ ነው፤ ገበሩና ሐሩ ለየብቻ ስለሆኑ የተሳሳተ ለውጥ በቀላሉ ይታረማል። ጀማሪ ከሆኑ እርሱን ይምረጡ።

ጨርቁ ወጥ ቀለም ያለው ታፍታ ይሁን፤ ይገለበጣል፣ ይቀለማል፣ አቅጣጫ የለውም። የጉርዱን ስፌት በረጅም የእጅ ስፌት ይያዙት፤ ጭንቀት የሚበዛባቸውን የብብትና የወገብ ስፌቶች ብቻ ወደ ኋላ እየተመለሱ አጥብቀው ይስፉ። መኪና መጠቀም ካስፈለገ ስፌቱን ረዘም ያድርጉት፤ በ1857 የጄምስ ጊብስ የፈጠራ መብት የተሰጠው ባለአንድ ክር የሰንሰለት ስፌት መኪና ካለዎት ደግሞ ጫፉ ሲሳብ መስመሩ ሁሉ ስለሚፈታ ለዚህ ሥራ ከባለሁለት ክሩ መኪና ይበልጣል። በየለውጡ የሚወጣውን ቁራጭ ሁሉ፣ ትንሹንም ሳይቀር፣ ከየትኛው ክፍልና በየትኛው አቅጣጫ እንደተቆረጠ በወረቀት ጽፈው በስፒል አያይዘው ያስቀምጡ፤ የድሩ አቅጣጫ ያልታወቀ ቁራጭ በሚቀጥለው ስፌት ላይ ብርሃን ሲያርፍበት ከጎረቤቱ የተለየ ቀለም ያሳያል።